ስልኩ ዝም ሲል ብልሽቱን ከየት እንፈልግ?

በሰከላ ወረዳ በግሽ ዓባይ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ስለ ውኃ መንገድ ብዙ ያውቃል። ምንጭ ጠልፎ፣ ቦይ ቀዶ ውኃውን ወደ ድንች ማሳው ይመራል። አንድ ቀን ጠዋት ማሳው ውኃ አጥቶ ቢያገኘው «ምንጩ ነጠፈ» ብሎ አይጮኽም። መጀመሪያ ቦዩን ይከተላል። ከብት ረግጦት ይሆናል። ቅጠልና ጭቃ ዘግቶት ይሆናል። ጎረቤት ተራው ደርሶ ወደ ራሱ ማሳ መልሶት ይሆናል። ገበሬው ውኃው የት ድረስ እንደ መጣ፣ የት ላይ እንደ ቀረ ያያል። ውኃ ያለበትንና የሌለበትን ቦታ ከለየ ብልሽቱ በሁለቱ መካከል ነው።

በኢንተርኔት የሚሠራ የቤት ስልክም እንደዚሁ ነው። ድምፅም እንደ ውኃ መንገድ አለው። ስልኩ ዝም ሲል መንገዱን ተከትሎ መፈለግ እንጂ ያገኙትን ሁሉ መነካካት መፍትሔ አይሆንም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለም?

ዛሬ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በሌሎችም ከተሞች ኢንተርኔት የገባላቸው ቤቶችና ቢሮዎች አሉ። ገበሬውም በማኅበሩ ቢሮ፣ በልጆቹ ትምህርት ቤት ወይም ከተማ ባለ ዘመዱ ቤት ይህን ዕቃ ያገኘዋል። ስልኩ ሲበላሽ ሁለት ጉዳት ይመጣል። አንደኛው የሚታወቅ ነው። ምጥ ለያዛት እናት ከጤና ጣቢያ አምቡላንስ የሚጠራ ይጠፋል። የእህሉን የገበያ ዋጋ ሳይጠይቅ ጭኖ የሄደ ሰው በርካሽ ሸጦ ይመለሳል። ሁለተኛው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ሣጥኑን ነቅሎ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ከተማ ድረስ ተሸክሞ የሄደ ሰው «ዕቃው ደኅና ነው፤ ገመዱ ላልቶ ነው» ሊባል ይችላል። ድካሙም ገንዘቡም በከንቱ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ብልሽትን በተራ መፈለግ ማወቅ ገንዘብም ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ነው።

1. የስልክ መንገድ ትናንትና ዛሬ

ስልክ በአገራችን ከ130 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1894፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ ሽቦ የመዘርጋት ሥራ ተጀመረ። የመስመሩ ርዝመት 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የሰው ድምፅ በሽቦ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲጓዝ ኖረ።

የቀድሞው የሽቦ ስልክ አንድ ጥሩ ጠባይ ነበረው። የሚሠራበት ኃይል ከራሱ ከስልክ ጣቢያው በሽቦው ይመጣ ነበር። ስለዚህ የቤቱ መብራት ቢጠፋም ስልኩ ይሠራ ነበር።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በኢንተርኔት ስልክ ድምፃችን የሚጓዘው በሌላ ዘዴ ነው። ዘዴውን ለመረዳት የጥንቱን ሲራራ ነጋዴ እናስብ። ነጋዴው ብዙ ጨው ቢኖረው ሁሉንም በአንድ አህያ አይጭንም። ከፋፍሎ በብዙ አህዮች ይጭናል። ከአገር ሲደርስ ጭነቱን አራግፎ እንደገና ያከማቻል። በቤታችን ያለው ሣጥንም እንዲሁ ያደርጋል። ድምፃችንን በጣም ትናንሽ አድርጎ ይከፋፍላል። ብዙውን ጊዜ የአንዲት ሰከንድ ንግግር 50 ያህል ቁራጭ ይሆናል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚደርስበት አድራሻ ይጻፍበታል። ቁራጮቹ በየተራ ይላካሉ። በዚያኛው ጫፍ ያለው ዕቃ ሰብስቦ፣ በተራቸው ደርድሮ፣ መልሶ ድምፅ ያደርጋቸዋል።

ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው በቤታችን ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ልብ እንበል፤ መብራት ሲጠፋ የኢንተርኔት ስልክም ይጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጠባዩ ነው።

2. ዕቃዎቹን እንወቃቸው

በሽተኛን ለማከም አካሉን ማወቅ ያስፈልጋል። የዕቃዎቹ ስምና ሥራ የሚከተለው ነው።

ሀ) የሚገባው መስመር። ከውጭ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ነው። በአንዳንድ ቤት የመዳብ ሽቦ ነው። በአንዳንዱ ፋይበር ነው። ፋይበር ማለት እንደ ፀጉር የቀጠነ መስተዋት ነው። በውስጡ የሚጓዘው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው። በአንዳንድ ቤት ደግሞ ሽቦ ሳይኖር ሣጥኑ እንደ እጅ ስልክ ሲም ካርድ ይገባለታል።

ለ) ሞደምና ራውተር። ሞደም ከውጭ የመጣውን መስመር ይቀበላል። ራውተር ደግሞ የተቀበለውን ለቤቱ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ያከፋፍላል። ውኃን ለየማሳው የሚያከፋፍል የቦይ ማዞሪያ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ያለ ገመድ በአየር የሚያከፋፍልበት መንገድ ዋይፋይ ይባላል።

ሐ) የስልክ አዳፕተር። ድምፅን ከፋፍሎ የሚልከውና የመጣውን መልሶ ድምፅ የሚያደርገው ይህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ለብቻው ትንሽ ሣጥን ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በራውተሩ ውስጥ አብሮ ተሠርቷል።

መ) የስልኩ ቀፎ። አንሥተን የምንነጋገርበት ነው።

ሠ) የኃይል ሰጪው። ከግድግዳው ሶኬት ላይ የሚሰካው ጥቁር ወይም ነጭ ዕቃ ነው። የቤታችንን 220 ቮልት ዝቅ አድርጎ ለሣጥኑ ይሰጣል። የብዙዎቹ ሣጥኖች ፍላጎት 12 ቮልት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ግን በሣጥኑና በኃይል ሰጪው ላይ ተጽፏል። ቁጥር የሚያነብ ሰው ሊያነበው ይችላል።

3. ብልሽቱን በተራ መፈለግ

አንድ ትልቅ ደንብ አለ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ ፈትኑ። ሦስት ነገር በአንድ ላይ የነካ ሰው ስልኩ ቢሠራለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ነገ ሲደገም እንደገና ይቸገራል።

አንደኛ፣ መብራት። የቤቱ መብራት አለ? ካለ፣ የሣጥኑ መብራት በርቷል? ካልበራ በዚያው ሶኬት ላይ የእጅ ስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ቻርጀሩ ከሠራ ሶኬቱ ደኅና ነው። እንግዲያው ጥርጣሬው ወደ ኃይል ሰጪው ወይም ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። በሣጥኑ ጀርባ የገባው የኃይል ገመድ ላልቶ እንደሆነ ጠበቅ አድርጉት። ማብሪያ ማጥፊያ ካለውም እዩ።

ማታ ማታ ሣጥኑ እየጠፋ የሚነሣበት ቤትም አለ። በዚያ ሰዓት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገር እንደሆነ አስተውሉ። ምጣድ ብዙ ኃይል ይበላል። የመስመሩ ኃይል ሲደክም ሣጥኑ ሊጠፋ ይችላል። ምጣዱ ሲጠፋ ስልኩ ደኅና ከሆነ ብልሽቱ የስልክ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሣጥኑ መብራቶች። በሣጥኑ ፊት ትናንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። በሥራቸው ያሉት ጽሑፎች በፈረንጅ ፊደል ናቸው። ይህ ሊያስፈራን አይገባም። መብራቶቹን በቦታቸውና በቀለማቸው መለየት ይቻላል። አንዱ የኃይል ነው። አንዱ ከውጭ የሚመጣው መስመር ነው። አንዱ የኢንተርኔት ነው። አንዱ የስልክ ነው። ስልኩ ደኅና በሆነበት ቀን መብራቶቹን ቆጥራችሁ በደብተር ላይ ሳሏቸው። የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ፣ የትኛው ብልጭ ድርግም እንደሚል ጻፉ። የተበላሸ ቀን ሥዕሉን ከሣጥኑ ጋር ብታስተያዩ የተለወጠው መብራት ይታያችኋል።

በብዙዎቹ የፋይበር ሣጥኖች ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ካለ ብርሃኑ ከውጭ ወደ ሣጥኑ አልደረሰም ማለት ነው። ቦዩ ከውጭ ተዘግቷል። ያን ጊዜ ቀፎውን መቀየር፣ ራውተሩን መምታት ምንም አይረባም።

ሲም ካርድ ያለው ሣጥን ከሆነ የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅል አልቆ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ቦዩም ምንጩም ደኅና ሆኖ ተራው ያለፈበት ገበሬ ውኃ አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ገመዶች። በሣጥኑ ጀርባ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለ። ሰፊው የኮምፒዩተር ገመድ የሚገባበት ነው። ጠባቡ የስልክ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የስልኩ ትንሽ ሰኪ በሰፊው ቀዳዳም መግባት ይችላል። የገባ ይመስላል፤ ግን አይሠራም። ቤት ሲጠረግ ወይም ልጅ ሲጫወት ገመድ ተነቅሎ በሌላ ቀዳዳ የተሰካ እንደሆነ ስልኩ ዝም ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ትንሽ ወረቀት ቆርጣችሁ በአማርኛ «ስልክ»፣ «ኮምፒዩተር»፣ «መብራት» ብላችሁ ጻፉና በየገመዱና በየቀዳዳው አጠገብ ለጥፉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው በስሙ ይመልሰዋል።

አራተኛ፣ ቀፎው። ቀፎውን አንሥታችሁ አዳምጡ። «ቱ...» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከሰማችሁ ከቀፎው እስከ አዳፕተሩ ያለው መንገድ ደኅና ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ የቀፎውን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከጎረቤት ደኅና ቀፎ ተውሳችሁ በዚያው ቀዳዳ ብትሞክሩ ደግሞ ነገሩ ይለያል። የጎረቤት ቀፎ ከሠራ የእናንተ ቀፎ ታሟል። እሱም ዝም ካለ የታመመው አዳፕተሩ ወይም መስመሩ ነው። በቤቱ ሁለት ቀፎ ካለ አንደኛው ሳይዘጋ ቀርቶ እንደሆነም እዩ።

አምስተኛ፣ ጥሪው። «ቱ...» ይላል፤ ነገር ግን ሲደወል አይሄድም እንበል። ወደ ሌላ ቁጥር ደውሉ። ከእጅ ስልክ ወደ ቤቱ ስልክም አስደውሉ። ሌላ ሰው ሲደውል የሚገባ፣ እናንተ ስትደውሉ ግን የማይወጣ ከሆነ ሒሳብ ሳይከፈል ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ይህን በገመድ ማዳን አይቻልም።

ስድስተኛ፣ አጥፍቶ ማስነሣት። ሁሉም ደኅና መስሎ ስልኩ ካልሠራ ዕቃዎቹን አጥፍታችሁ አስነሡ። ይህም ተራ አለው። ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ። መጀመሪያ የውጭውን መስመር የሚቀበለውን ሣጥን አብሩ። መብራቶቹ እስኪረጉ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ከዚያ ራውተሩ ለብቻው ከሆነ እሱን አብሩ። በመጨረሻ አዳፕተሩን። ከምንጭ ወደ ማሳ ማለት ነው። አዳፕተሩ ቀድሞ ከተነሣ ገና ያልመጣ ውኃ የሚጠብቅ ማሳ ይሆናል።

4. ድምፅ ሲቆራረጥ

አንዳንድ ጊዜ ስልኩ ይሠራል፤ ነገር ግን ድምፁ ይቆራረጣል። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም» እየተባለ ጊዜ ያልቃል። ይህ ለምን ይሆናል?

የሲራራውን ነጋዴ ምሳሌ አንርሳ። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ብዙ ቅፍለት ሲገናኝበት አህዮቹ ይዘገያሉ። ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ ቆይቶ ይደርሳል። ንግግር ግን አይጠብቅም። ዘግይቶ የደረሰ ቁራጭ ይጣላል። የተጣለው ቁራጭ ቦታ ባዶ ይቀራል። የምንሰማው መቆራረጥ ይህ ነው።

ስለዚህ ድምፅ ሲቆራረጥ በቤቱ ኢንተርኔቱን ሌላ ማን እየተጠቀመ እንደሆነ ጠይቁ። ልጆች ፊልም እያወረዱ ከሆነ ለአምስት ደቂቃ ያቁሙና እንደገና ደውሉ። ድምፁ ከተስተካከለ ዕቃው አልተበላሸም፤ መንገዱ ጠቦ ነው።

በዋይፋይ የሚነጋገር ሰው ደግሞ ከሣጥኑ ምን ያህል እንደራቀ ይመልከት። ወፍራም ግድግዳ ዋይፋይን ያደክመዋል። ቆርቆሮና ሌላ ብረት ደግሞ የበለጠ ያግደዋል። ሣጥኑን ከብረት ሣጥን ኋላ ወይም ከመሬት ላይ አታስቀምጡ። ከፍ ባለ ቦታ፣ በቤቱ መካከል ይሁን። ወደ ሣጥኑ ስትጠጉ ድምፁ ከጠራ ብልሽቱ የርቀት ነው።

5. ማድረግ የሌለብን ነገሮች

በሣጥኑ ጀርባ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። «በእንጨት ወይም በመርፌ ተጫናት፤ ሁሉ ይስተካከላል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ምክሩ አደገኛ ነው። ያች ቀዳዳ ባለሙያ የሞላውን ሁሉ ትሰርዛለች። የስልኩ ቁጥርና የይለፍ ቃሉ ከሣጥኑ ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ባለሙያ መጥቶ እስኪሞላው ድረስ ትንሽ የነበረው ብልሽት ትልቅ ይሆናል። አጥፍቶ ማስነሣትና ይህን መጫን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እንቅልፍ ነው፤ ሁለተኛው መርሳት ነው።

የፋይበሩን ገመድ አትጠፉት፤ አትቋጥሩት። መስተዋት ስለሆነ ይሰበራል። ከተሰበረም እንደ ሽቦ በእጅ ጠምዝዞ መቀጠል አይቻልም። የተነቀለውን ጫፉን በዓይን ቀርባችሁ አትመልከቱ። በውስጡ ያለው ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል። ገመድ በተቀበረበት በኩል ጉድጓድ ስትቆፍሩ ወይም አጥር ስታጥሩ ተጠንቀቁ። አንድ ዶማ የብዙ ቤት ስልክ ሊቆርጥ ይችላል።

በክረምት ነጎድጓድ ሲመጣ ሣጥኑን ከሶኬት ንቀሉ። መስመሩ የመዳብ ሽቦ ከሆነ እሱንም ንቀሉ። የመብረቅ ኃይል በሽቦ ተጉዞ ዕቃውን ሊያቃጥል፣ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። መብረቅ እየመጣ እያለ ግን ገመድ አትነካኩ፤ ቀድማችሁ ንቀሉ።

ቮልቱ የማይመሳሰል የሌላ ዕቃ ኃይል ሰጪ አትሰኩ። ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም። በሁለቱም ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስተያዩ።

በስልክ ደውሎ «ባለሙያ ነኝ፤ ስልክህን ላስተካክል፤ የቴሌብር የምስጢር ቁጥርህን ንገረኝ» ለሚል ሰው አትመኑ። ስልክ ለመጠገን የገንዘብ ምስጢር ቁጥር አያስፈልግም።

6. ብልሽቱ ከቤት ውጭ ሲሆን

ቦዩን እስከ ድንበራችን ድረስ ተከትለን ደኅና ከሆነ ችግሩ ከዚያ በላይ ነው። ጎረቤትን ጠይቁ። የእነሱም ከጠፋ ብልሽቱ የጋራ ነው። ከነአካቴው የአንድ አገር አገልግሎት የሚቋረጥበትም ጊዜ አለ። ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል። እንዲህ ሲሆን ሣጥን መፍታትና መግጠም ድካም ብቻ ነው።

ችግሩ የመስመር ከሆነ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ይደውላሉ። ከመደወላችሁ በፊት የሚከተለውን በደብተር ጻፉ።

– የስልኩ ቁጥር ወይም የደንበኛው መለያ ቁጥር፤
– ስልኩ ከየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደጠፋ፤
– የትኛው መብራት እንደጠፋ ወይም ቀይ እንደሆነ፤
– ምን ምን እንደተሞከረ፤
– የጎረቤት ስልክ ይሠራ እንደሆነ፤
– ያነጋገራችሁ ሰው የሰጣችሁ የአቤቱታ ቁጥር።

«ስልኬ እምቢ አለ» ብቻ ያለ ሰው ብዙ ጥያቄ ይጠየቃል። «ከትናንት ማታ ከ2 ሰዓት ጀምሮ የመስመሩ መብራት ቀይ ሆኗል፤ የኃይሉ ደኅና ነው፤ አጥፍተን አስነሥተናል፤ የጎረቤትም ጠፍቷል» ያለ ሰው ግን ግማሹን ሥራ ሠርቶ ቆይቷል። ባለሙያው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። አቤቱታው ቢዘገይም ቀኑና ቁጥሩ ተጽፎ ስለተያዘ «መቼ ነገርከን?» የሚል አያሸንፈውም።

እስከዚያው ድረስ ያለ ስልክ እንዳትቀሩ አንድ የእጅ ስልክ ሁልጊዜ ኃይል ሞልታችሁ አስቀምጡ። የጤና ጣቢያውን ቁጥርና የአንድ ቅርብ ዘመድ ቁጥር በትልልቁ ጽፋችሁ በግድግዳ ላይ ለጥፉ። ቁጥሩ በተበላሸው ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ በጨለማ አይገኝም።

ማጠቃለያ

ስልክ ሲበላሽ መብራቱን፣ ሣጥኑን፣ ገመዱን፣ ቀፎውን፣ ጥሪውን በተራ እንመልከት። አንዱን ብቻ ለውጠን እንፈትን። ያየነውን እንጻፍ። በቤታችን ያለውን ራሳችን እናስተካክል። ከቤታችን ውጭ ያለውን በማስረጃ እንጠይቅ። ይህን ለማድረግ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ዓይን፣ ትዕግሥት፣ አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ይበቃል።

አዳዲስ ቃላት

ሞደም – ከውጭ የመጣውን መስመር የሚቀበል ሣጥን
ራውተር – ኢንተርኔትን ለቤቱ ዕቃዎች የሚያከፋፍል ሣጥን
አዳፕተር – ድምፅን ለኢንተርኔት እንዲስማማ የሚለውጥ ዕቃ
ፋይበር – ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስተዋት ገመድ
ዋይፋይ – ኢንተርኔትን ያለ ገመድ የሚያደርስ ዘዴ

ጥያቄዎች

1. የቀድሞው የሽቦ ስልክ መብራት ሲጠፋ ለምን ይሠራ ነበር? የኢንተርኔት ስልክስ ለምን አይሠራም?
2. ቀፎው «ቱ...» የሚል ድምፅ ካለው የትኛው የመንገዱ ክፍል ደኅና ነው?
3. በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር መለወጥ ምን ጉዳት አለው?
4. አጥፍቶ ማስነሣትና መርፌ የምታህለውን ቀዳዳ መጫን በምን ይለያያሉ?
5. የማኅበራችሁ ቢሮ ስልክ ዛሬ ዝም ቢል ለ994 ምን ትነግራላችሁ? በደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ለጓደኛችሁ አንብቡለት።